ከሁለት ከተማ የቱ ያዋጣል? ደመወዝንና የኑሮ ወጪን አብሮ የማነጻጸር መመሪያ

አንዲት ወዳጄ ከሌላ ከተማ የሥራ ጥሪ ደርሷት ደብዳቤውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። አሁን ባለችበት ከተማ ያልተጣራ ደመወዟ በወር 4,000 ነው፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት የሚሰጣት 5,500። የገንዘቡን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ወደ አንድ ገንዘብ መንዝረናቸው ስለነበር ስሌቱ በየትኛውም ይሠራል። የ1,500 ጭማሪ ሲመጣ የማን ልብ አይሄድም? የእርሷም ሄዶ ነበር። ደብዳቤውን ገለበጥንና በጀርባው ላይ መደመርና መቀነስ ጀመርን። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈሩትን ቁጥሮች አጠጋግቼ እዚህ አቀርባቸዋለሁ፤ የራስዎን ቁጥሮች በቦታቸው እያስገቡ ይከተሉኝ።

ከደብዳቤው እስከ ኪስ

ያልተጣራ ደመወዝ ወረቀት ላይ የሚኖር ቁጥር ነው፤ ኪስ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱንም ወደ ተጣራ ደመወዝ ማውረድ ነው። ወዳጄ ባለችበት ከተማ የገቢ ግብርና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ተደምረው ሩቡን ስለሚወስዱ እጇ የሚገባው 3,000 ነው። በአዲሱ ከተማ ተቆራጩ 30 በመቶ ነው፤ 3,850 ይደርሳታል። በደብዳቤው 1,500 የነበረው ልዩነት ገና ቤት ሳትከራይ 850 ሆነ።

አብዛኞቹ አገሮች የገቢ ግብርን በዕርከን ያስከፍላሉ። "ወደ ላይኛው ዕርከን ከገባሁ ሙሉ ደመወዜ በከፍተኛው ምጣኔ ይታሰባል" ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ አይታሰብም። ከፍተኛው ምጣኔ የሚነካው ከዕርከኑ ድንበር በላይ ያለውን ገንዘብ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በሠንጠረዡ ላይ የማይታዩ ዕርከኖችም አሉ። በእንግሊዝ ዓመታዊ ገቢ 100,000 ፓውንድን ሲያልፍ፣ ከግብር ነፃ የነበረው መነሻ ገንዘብ ለየሁለት ፓውንዱ አንድ ፓውንድ እየተቀነሰ ይጠፋል። ከዚያ አንሥቶ እስከ 125,140 ፓውንድ ድረስ ባለው ገቢ ላይ 40 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ምጣኔ በተግባር 60 ይሆናል። ከ98,000 ወደ 120,000 ያደገ ሰው ጭማሪው የት እንደ ገባ ግራ ቢገባው አይገርምም።

ግብር ሰብሳቢውም አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቴክሳስና ፍሎሪዳ በደመወዝ ላይ የግዛት ገቢ ግብር የላቸውም፤ የኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪ ግን ለፌዴራሉም፣ ለግዛቱም፣ ለከተማውም ይከፍላል። በስዊዘርላንድ ምጣኔው ከካንቶን (ከክፍለ ግዛት) ካንቶን፣ ከዚያም አልፎ ከአንዱ ማዘጋጃ ቤት ወደ ሌላው ይለያያል። ሥራ ሳይቀይሩ ከባቡር ሁለት ጣቢያ ቀድሞ መውረድ የተጣራ ደመወዝን ከፍ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው።

"ግብር የለም" የሚለው ቃልም ሲመረመር ደስ ይላል። በዱባይ በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የለም። ለአብዛኛው የውጭ ዜጋ በየወሩ የሚጠራቀም የመንግሥት ጡረታም የለም። በምትኩ ሠራተኛው ሲለቅ አሠሪው የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው የ30 ቀን መነሻ ደመወዝ። "መነሻ ደመወዝ" የሚለው ላይ ጣትዎን ያኑሩ። የቤትና የትራንስፖርት አበል በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ድምራቸው እኩል ከሆነ ሁለት ውሎች መካከል መነሻው ትንሽ አበሉ ትልቅ የሆነው ሲለቁ የሚያስገኘው ያነሰ ነው። ጡረታ በማይቆረጥበት ከተማ የሚያገኙትን ደመወዝ ከሚቆረጥበት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ለእርጅና ራስዎ የሚያስቀምጡትን በእጅዎ ቀንሰው ይጀምሩ።

ጊዜም ያሳስታል። በጃፓን የነዋሪነት ግብር የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ ሆኖ 10 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ የመጣ ሠራተኛ መጀመሪያ ላይ ስለማይቆረጥበት ደመወዙ ይኼው ነው ብሎ ይረጋጋል፤ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ የደመወዝ ወረቀቱን ሲያይ ይደነግጣል። ለንጽጽር የሚያገለግለው የሁለተኛው ዓመት የተጣራ ደመወዝ ነው። የወር ደመወዝም በየአገሩ አንድ ትርጉም የለውም። በስፔን ብዙ ውሎች ዓመታዊውን ደመወዝ ለ14 ይከፍሉታል፤ በኦስትሪያም 13ኛና 14ኛ ደመወዝ የተለመደ ሲሆን ሁለቱ ከመደበኛው ባነሰ ግብር ይታሰባሉ። በ12 ከሚከፈል ደመወዝ ጋር ወር ለወር ካስተያዩአቸው ሁለቱንም ይበድሏቸዋል። የዓመቱን የተጣራ ገቢ ደምሮ ለ12 ማካፈል ይሻላል።

በመጨረሻ የተጣራው ደመወዝ ምን እንደ ሸፈነ ይጠይቁ። በጀርመን የአብዛኛው ተቀጣሪ የጤና መድን መዋጮ ከደመወዙ ላይ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። በስዊዘርላንድ ደግሞ እያንዳንዱ ነዋሪ የግዴታ የጤና መድኑን ከተጣራ ደመወዙ ላይ ራሱ ይከፍላል። "የተጣራ" የሚለው ቃል አንድ ነው፤ የተጣራው ነገር ግን የተለያየ ነው። የወዳጄም አዲሱ ከተማ የኋለኛው ዓይነት ነበር።

ወጪው

ለብቻዋ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይታ ለምትኖር ሰው የወር ወጪው ይህን ይመስል ነበር። መጀመሪያ ያለው አሁን የምትኖርበት ከተማ፣ ቀጥሎ ያለው አዲሱ ነው፦

ኪራይ ከመብራት፣ ከውኃና ከማሞቂያ ጋር፦ 900 / 1,500
ምግብና የቤት አስቤዛ፦ 450 / 550
ትራንስፖርት፦ 80 / 150
የጤና መድን፦ 0 / 200
ስልክና ኢንተርኔት፦ 50 / 60
ልብስ፣ መዝናኛና ልዩ ልዩ፦ 320 / 440
ድምር፦ 1,800 / 2,900

ከ3,000 ላይ 1,800 ሲወጣ 1,200 ይተርፋል። ከ3,850 ላይ 2,900 ሲወጣ 950። ደመወዟ በ1,500 ጨምሮ የሚተርፋት በ250 ቀነሰ። ወዳጄ ደምረን የተሳሳትን መስሏት እንደገና ደመረችው።

ከስድስቱ መስመሮች ነገሩን የሚወስነው ኪራይ ነው፤ በቀሩት ላይ ብንሳሳት እንኳ ስሕተቱ በአሥሮች ይቆጠራል። ለኪራይ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር መያዝ ቀላል ነው። "የከተማው አማካይ ኪራይ" ተብሎ በይፋ የሚወጣው አኀዝ ብዙ ጊዜ ለዓመታት በአንድ ቤት የኖሩትንም ይጨምራል። የኪራይ ጭማሪ በሕግ በሚገደብበት ከተማ ነባሩ ተከራይ የሚከፍለውና አዲስ መጤው የሚጠየቀው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በስቶክሆልም በተራ የሚሰጡት ኪራይ ቤቶች ለዓመታት ያስጠብቃሉ፤ አዲስ መጤው እስከዚያው የሚያድረው ከተከራይ ተከራይቶ፣ በተወደደ ዋጋ ነው። ስለዚህ የሚያነጻጽሩት ዛሬ ማስታወቂያ ላይ ያለውን፣ ለእርስዎ ሊከራይ የሚችለውን ቤት ይሁን። ወዳጄ የከተማውን አማካይ ይዛ 1,150 ብላ ነበር፤ ሃያ ማስታወቂያ አይተን ነው 1,500 ላይ የደረስነው።

ማስታወቂያው ራሱ ምን እንደሚጨምር ይታይ። በጀርመን "ቀዝቃዛ ኪራይ" እና "ሞቃት ኪራይ" የሚባሉ ሁለት ዋጋዎች አሉ፤ ቀዝቃዛው ማሞቂያንና የሕንፃውን የጋራ ወጪዎች አይጨምርም፤ ሞቃቱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ መብራትን አይጨምርም። ብዙ ቤቶች ደግሞ ያለ ወጥ ቤት ዕቃ ይከራያሉ፤ ማብሰያው ብቻ ሳይሆን መደርደሪያውና የዕቃ ማጠቢያ ገንዳው ጭምር ላይኖር ይችላል። ማስያዣው በሕግ እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ሊደርስ ይችላል፤ ተከራዩ በሦስት ጊዜ ከፍሎ የመጨረስ መብት እንዳለው ግን ብዙ አዲስ መጤ አያውቅም።

ትራንስፖርት ላይ ባጭሩ፦ ሉክሰምበርግ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርትን በመላ አገሪቱ ነፃ አድርጋለች፤ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ለነዋሪዎቿ ከ2013 ጀምሮ። መኪና ሳይኖር የማይኖርበት ከተማ ከሆነ ግን የመኪናው ብድር፣ መድን፣ ነዳጅና ማቆሚያ በርካሹ ኪራይ ላይ ይደመሩ። ቤቱ የረከሰው ብዙ ጊዜ መኪና ስለሚያስፈልገው ነው።

የኑሮ ውድነት መለኪያዎችን እንዴት እንመናቸው?

የሁለት ከተማ ስም ሲያስገቡላቸው "ያኛው በ40 በመቶ ይወደዳል" የሚሉ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ጥሩ መነሻ ናቸው፤ መድረሻ ግን አይደሉም። ኑምቤዮ የተባለው ድረ ገጽ ኒው ዮርክን 100 አድርጎ ከተሞችን ይለካል፤ ዋጋዎቹን በብዛት የሚሞሉት ተጠቃሚዎች ናቸው። ዋናው የኑሮ ውድነት መለኪያው ኪራይን እንደማይጨምር ስንቱ ያስተውላል? ለኪራይ የተለየ መለኪያ አለው፤ ሁለቱን ያጣመረም አለ። ማየት ያለብዎት የተጣመረውን ነው። ሜርሰር የተባለው አማካሪ ኩባንያ ጥናት ደግሞ የታሰበው ሠራተኛ ወደ ውጭ ለሚልኩ ትልልቅ ኩባንያዎች ነው፤ ቅርጫቱ፣ ማለትም ዋጋቸው የሚለካው ዕቃዎችና አገልግሎቶች ዝርዝር፣ እንደ ውጭ አገር ሰው የሚኖርን እንጂ እንደ ጎረቤቱ ለመኖር የመጣን ሰው አይመስልም። በአገሮች መካከል የመግዛት አቅምን የሚያስተካክለው ምጣኔ በበኩሉ የሚነግርዎት የአገር አማካይ ነው፤ ዋና ከተማውንና አነስተኛውን ከተማ አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። በዚህ ረገድ አሜሪካ ለየት ትላለች፤ የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮዋ የአገሪቱን አማካይ 100 አድርጎ የየግዛቱንና የየከተማ አካባቢውን የዋጋ ደረጃ ያወጣል።

ከመለኪያዎቹ ይልቅ የምጠራጠረው ግን አባዝቶ የማነጻጸር ልማዱን ነው። በወዳጄ ወረቀት ላይ 2,900 ለ1,800 ሲካፈል 1.611 ነው። መሣሪያው 3,000ን በ1.611 አባዝቶ "ኑሮዎ እንዳይጓደል የተጣራ 4,833 ያስፈልግዎታል" ይላል። እስቲ እናስተውለው። ወጪዋ 2,900፣ አሁን የሚተርፋት 1,200፤ ተደምሮ 4,100። መሣሪያው የጨመራቸው 733 ከየት መጡ? የሚተርፋትንም ገንዘብ በአዲሱ ከተማ ዋጋ ስለመነዘረው ነው።

የቱ ትክክል ነው? የተረፈው ገንዘብ የት እንደሚወጣ ይወስነዋል። ለቤተሰብ የሚላክ፣ ወይም ሌላ ቦታ ለሚሠራ ቤት የሚጠራቀም ከሆነ የአዲሱ ከተማ ውድነት አይነካውም፤ 4,100 ይበቃል። በዚያው ከተማ ቤት ለመግዛት የሚጠራቀም ከሆነ 4,833 ትክክል ነው፤ እንዲያውም የቤት ዋጋ ከኪራይ የባሰ ከተወደደ አይበቃም። ውድ ከተማ ገንዘቡን ይዞ ለሚወጣ ሰው የሚያዋጣበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው፤ እዚያው ሥር ሊሰድ የመጣ ሰው በዚያው ደመወዝ ሊቸገር ይችላል። ከማንኛውም ሠንጠረዥ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱልኝ የምለው ለዚህ ነው።

መልሱን ሰውየው ይለውጠዋል

ወዳጄ ቤት የምትጋራው ሰው ብታገኝስ? አሁን ባለችበት ከተማ የኪራይ ድርሻዋ 500፣ በአዲሱ 700 ይሆናል። ወጪዎቹ 1,400 እና 2,100 ይሆኑና የሚተርፈው 1,600 እና 1,750 ይሆናል። ከተሞቹ አልተለወጡም፣ ደመወዙም እንደዚያው ነው፤ አሸናፊው ግን ተለወጠ። "ከእነዚህ ሁለት ከተሞች የቱ ይሻላል?" ለሚለው ጥያቄ የሌላ ሰው መልስ የማይረባው በዚህ ምክንያት ነው፤ መላሹ ከማን ጋር እንደሚኖር ካልነገረዎት ምንም አልነገረዎትም።

ልጅ ሲጨመር ደግሞ ኪራይ የያዘውን የመሪነት ቦታ የሕፃናት ማቆያና ትምህርት ቤት ይቀሙታል። በዴንማርክ ወላጅ ለሕፃናት ማቆያ የሚከፍለው ከማቆያው የሥራ ማስኬጃ ወጪ ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ተገድቧል። እንዲህ ዓይነት ድጎማ በሌለበት፣ የውጭ ዜጋ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ከማስገባት በቀር ምርጫ በማይኖረው ከተማ፣ ግብር አለመክፈሉ የሚያስገኘውን ጥቅም ሁለት ልጆች ይበሉታል። ባለትዳር ከሆኑ ሌላ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ግብሩ የሚሰላው በየግል ነው ወይስ እንደ ጀርመን ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው ማቅረብ ይችላሉ? የትዳር ጓደኛዎ እዚያ የመሥራት ፈቃድ ያገኛል? አንድ ከፍተኛ ደመወዝ ሁለት መካከለኛ ደመወዞችን እምብዛም አያሸንፍም።

መንገድ ላይ የሚያልቅ ሰዓት

ወዳጄ አሁን ከቤቷ ሥራ ለመድረስ 25 ደቂቃ ይበቃታል። በአዲሱ ከተማ በ1,500 የተገኘው ቤት ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰዓት ይርቃል። በወር 21 የሥራ ቀን ብንይዝ የአሁኑ ጉዞ 17 ሰዓት ተኩል፣ አዲሱ 42 ሰዓት ይወስዳል። መሥሪያ ቤት የምትቆይበት 168 ሰዓት ላይ ስንጨምረው 185.5 እና 210 ሰዓት ሆነ። የሚተርፋትን ለእነዚህ ሰዓቶች ስናካፍለው ለአንድ ሰዓት 6.47 በአንድ ወገን፣ 4.52 በሌላው። ከሥራው አጠገብ ልከራይ ብትል ደግሞ ኪራዩ 1,500 ላይ አይቆምም። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ቢፈቀድላት ይህ ክፍል እንደገና መሠራት አለበት፤ ግን በውል የተጻፈ ፈቃድ እንጂ አለቃው በቃል ያለውን ወረቀታችን ላይ አላስገባነውም።

መዛወሪያው ስንት ወር ይበላል?

ጓዝ ማጓጓዣ፣ ቲኬት፣ የደላላ ክፍያ፣ የቤት ዕቃ፣ ውል አፍርሶ ለመውጣት የሚከፈል ቅጣት፦ የማይመለሰውን ብቻ ደምረን 4,000 አገኘን። ማስያዣው ይመለሳል ተብሎ ስለሚታሰብ ለብቻው ያዝነው፤ ሆኖም እስኪመለስ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ ያለውን ወርም ያጠብበዋል። ቤት ተጋርታ ብትኖር አዲሱ ከተማ በወር 150 ይበልጥላት ነበር። 4,000 ለ150 ሲካፈል 27 ወር ገደማ ነው። ውሉ ለሁለት ዓመት፣ ማለትም ለ24 ወር ነበር።

ሁለቱ ከተሞች የተለያየ ገንዘብ የሚጠቀሙ ከሆነ ስሌቱን በአንድ ተመን ብቻ አይሥሩት። እ.ኤ.አ. በጃኑዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የያዘውን ድንበር ድንገት ለቀቀው፤ ፍራንኩ በደቂቃዎች ውስጥ ተተኮሰ። ጄኔቫ ወይም ባዝል እየሠራ ድንበር ተሻግሮ ፈረንሳይ ወይም ጀርመን የሚያድር ሠራተኛ ያን ጠዋት ምንም ሳይሠራ ደመወዙ በዩሮ ሲታይ አደገ። ገቢው በሌላ ገንዘብ ሆኖ ዕዳው በፍራንክ የነበረ ሰው ያው ጠዋት ጎዳው። ደመወዝዎ በአንድ ገንዘብ፣ ዕዳዎ ወይም ለቤተሰብ የሚልኩት በሌላ ከሆነ፣ ተመኑን 15 በመቶ ወደዚህም ወደዚያም አንቀሳቅሰው ውጤቱ ይገለበጥ እንደሆነ ይዩ።

ወደ ድርድሩ

ወረቀቱ ሞልቶ ጠርዙ ላይ ስንደርስ አንድ ቁጥር ቀረን፦ አሁን የሚተርፋትን 1,200 ሳትነካ ለመሄድ ስንት ትጠይቅ? የተጣራ 4,100 ያስፈልጋታል፤ ከቀረበላት 250 ይበልጣል። እዚህ ላይ በአማካዩ 30 በመቶ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ጭማሪው የሚቆረጠው በላይኛው ዕርከን ምጣኔ ነው፤ እርሱም ለእርሷ 40 በመቶ ነበር። 250 ለ0.6 ሲካፈል 417። ስለዚህ ከ5,917 በታች ከተቀበለች ደመወዝ ጨመረልኝ ማለቷ ቀርቶ የራሷን ገንዘብ እየመረቀች ነው የምትሄደው።

5,917ን ጻፈችላቸው። መልሱ በሳምንቱ መጣ። ደመወዙን ከፍ ማድረግ የደረጃ መዋቅራቸው እንደማይፈቅድ፣ ነገር ግን የጤና መድኗን አሠሪው እንደሚከፍልና የመዛወሪያ ወጪዋን እንደሚሸፍን ነገሯት። የሚከፈልላት መድን ራሱ ግብር ይታሰብበት እንደሆነ ጠየቀች፤ አይታሰብበትም። 950 ላይ 200 ተጨምሮ 1,150 ሆነ፤ 4,000ዋም ከወረቀቱ ተሰረዘች። ልዩነቱ በወር 50 ብቻ ቀረ። አዲሱ ሥራ ስድስት ዓመት ስትፈልገው የነበረ ሥራ ነው። "ኀምሳውን እኔ እከፍላለሁ" አለችና ደብዳቤውን ገልብጣ ፈረመችበት።